ቤቱን ያወደው ሽታ

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ አንድ ትሪ ለውዝ ነው። ግማሽ ኪሎ አልሞንድና ካሽው፣ የተከተፈ የጥብስ ቅጠል፣ ዘይትና ጨው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተለውሶ ኦቭን ገባ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሽታው ከማድ ቤት አልፎ የውጭ በር ደረሰ። የገባ ሁሉ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያውደው?» እያለ ነበር የሚቀመጠው። ሳህኑ ሲቀርብ ግን እጅ አንዴ ገብቶ ወጣ፣ ሁለተኛ አልተመለሰም። ቅጠሉ ከስሎ ጥርስ መሀል እንደ ስንጥር ይሰካል፤ ምሬቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ለውዙ ራሱ ጨው ጨው ከማለት በቀር ቅጠል የነካው አይመስልም።

ነገሩ አልለቅ አለኝ። ሽታው እውነት ነበር፤ ሁሉም መስክሮለታል። ታዲያ ጣዕሙ የት ገባ? ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ የደረስኩበት መልስ ትንሽ ያስቃል፤ የትም አልገባም፣ ወጥቷል። ቤቱን ያወደው ለውዙ ላይ መቅረት የነበረበት ነው። አፍንጫ ሲደሰት ምላስ እየተዘረፈ ነበር።

(ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። አንዱ ለውዝ ሲል ኦቾሎኒ ማለቱ ነው፣ ሌላው አልሞንድ። እዚህ ለውዝ ስል ካሽውን፣ ዋልነትን፣ ፒካንንና ሄዝልነትንም ጨምሬ ነው። ኦቾሎኒ በዘሩ የባቄላና የአተር ወገን ቢሆንም እሳት ላይ ሲወጣ ጠባዩ ከነዚህ ብዙም አይለይም።)

ሰዓታቸው የማይገጥም ሁለት ነገሮች

የጥብስ ቅጠልን በጣት ስታሹት የሚሸተው፣ ቅጠሉ ላይ በጥቃቅን ከረጢቶች የተቋጠረ ዘይት ነው። እንደ ምግብ ዘይት ከባድ አይደለም፤ ሙቀት ሲያገኝ በኖ ይጠፋል። ከውስጡ አንዱ፣ ፓይኒን የሚባለው፣ በ155 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ ሌላው፣ ሲኒዮል፣ በ176 አካባቢ። ግን እስከዚያም አይጠብቁም። ከትኩስ ቅጠል ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ውሃ ነው፤ ውሃው በእንፋሎት ሲወጣ ሽታውን አዝሎ ይወጣል። ከቅጠል የሽቶ ዘይት የሚወጣውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ የሚያጠራቅም ዕቃ መኖሩ ነው። ኦቭን ውስጥ የሚያጠራቅም የለም።

ለውዝ ሌላ ፍጥረት ነው። ከ100 ግራም ጥሬ አልሞንድ ውስጥ ውሃው 4 ወይም 5 ግራም ቢሆን ነው፤ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። ድፍን ስለሆነ ሙቀቱ እስከ ልቡ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። የተቆላ ነገር ጣዕም የምንለው የሚመጣው ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ሲዋሃዱ ነው፤ ያ ደግሞ በደንብ የሚጀምረው ላዩ ደርቆ ሙቀቱ 140 ዲግሪን ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ለውዙ ገና ሲሟሟቅ ቅጠሉ ደርቆ አልቋል፤ ለውዙ ሲደርስ ቅጠሉ ከስሏል። አብረው ከገቡ አንዱ ለሌላው ይሠዋል፤ የሚሠዋው ደግሞ ሁልጊዜ ቅጠሉ ነው።

እንግዲህ ለውዙ ብቻውን ይቆላ፣ ቅጠሉ ኋላ ይምጣ ማለት ነው። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል። «ኋላ» የሚለው ቃል ግን ስንት ደቂቃ ነው? እሱ ላይ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ አቆላሉ።

ጥሬው፣ ትሪውና እሳቱ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ የለውዝ ሥሩ ጥሬው ነው። ከመቁላታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ፍሬ ቅመሱ። ዋልነትና ፒካን በተለይ ቅባታቸው ብዙ ስለሆነ (ዋልነት 65 በመቶ ያህል፣ ፒካን ከ70 በላይ) ቶሎ ይበላሻሉ። የቆየ የቀለም ቆርቆሮ ወይም የከረመ የጥብስ ዘይት ሽታ ካላቸው አበቃ፤ ቅመም አይሸፍነውም፣ ሙቀቱም ያንኑ ሽታ ያጎላዋል። የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የተሸበሸበ ኦቾሎኒ ካገኛችሁ ደግሞ ለቅሞ ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ሻጋታው በብዛት ከታየ ሁሉም ይጣል። ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በቤት እሳት አይጠፋም።

ለ500 ግራም ለውዝ 30 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ ትሪ ይበቃል። ፍሬዎቹ በአንድ ረድፍ ተዘርግተው በመሀላቸው ትንሽ ክፍተት ይታይ። ከተደራረቡ የታችኞቹ በራሳቸው እንፋሎት ይታጠናሉ፤ ላዩ ሲጠቁር ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ትሪው ጥቁር ከሆነ ሙቀት አብዝቶ ስለሚስብ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉበት።

ሙቀቱ 165 ዲግሪ ይሁን። በ180 የሚቆሉ አሉ፣ ይሆናልም፤ ነገር ግን በዚያ ሙቀት በ«ደረሰ» እና በ«አረረ» መካከል ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እዚህ ግን ያረረ ለውዝ ተለቅሞም አይተርፍም። በ165 ዲግሪ፣ ኦቭኑ አስቀድሞ ከሞቀ፣ ዋልነትና ፒካን ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃቸዋል፤ ካሽው ከ10 እስከ 12፤ አልሞንድ ከ12 እስከ 14፤ ሄዝልነት 15 ገደማ፤ የተፈለፈለ ጥሬ ኦቾሎኒ ከ18 እስከ 20። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቀላቅሎ ማቅረብ ጥሩ ነው፣ ቀላቅሎ መቁላት ግን ዋልነቱን አቃጥሎ ኦቾሎኒውን ጥሬ ይተወዋል። ወይ በየተራ ቁሉ፣ ወይ ረጅም ሰዓት የሚፈልገውን አስቀድማችሁ አስገቡና ሌላውን በየደቂቃው ልክ ጨምሩበት። በየ4 ደቂቃው ትሪውን አውጥቶ ማማሰልና የኋላውን ወደ ፊት ማዞርም አይረሳ፤ አብዛኛው የቤት ኦቭን በአንድ ጎኑ ይበረታል።

መድረሱን በቀለም ብቻ የሚለይ ይሳሳታል፤ አልሞንድ ገለፈቱ መጀመሪያውንም ቡናማ ነው። አንድ ፍሬ አውጥታችሁ ለሁለት ክፈሉ። ውስጡ ነጭ ከሆነ ይቀረዋል፤ ወተት በዛ ያለበት ሻይ ከመሰለ ደርሷል፤ ከዚያ ከጠቆረ አልፏል። ጆሮም ይረዳል፤ አልሞንድ ሊደርስ ሲል ጠሽ ጠሽ ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር ትኩስ ለውዝ ለስላሳ መሆኑ ነው። በጥርስ ሲሞክሩት ስለማይሰበር «ገና ነው» ብለው ይመልሱታል። ቀጭ የሚለው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ከዚህም በላይ ከእሳት ከወጣ በኋላ ውስጡ ያለው ሙቀት አንድ ሁለት ደቂቃ መቁላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከምትፈልጉት ቀለም ትንሽ ቀደም ብላችሁ አውጡት።

የዋልነት ገለፈት መራራ ነው። ከመቁላቱ በፊት አንድ ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ አጠንፍፎ፣ በጨርቅ በደንብ ማድረቅ ምሬቱን ያለዝበዋል። ከዚያ የመቁላቱ ጊዜ 3 ወይም 4 ደቂቃ ይጨምራል። ለሌሎቹ አያስፈልግም።

ዘይትስ? እኔ ደረቁን ነው የምቆላው። ዘይት ከመጀመሪያው ከገባ ትሪው ላይ ቀርቶ ይቃጠላል፣ ጨውም ከዘይቱ ጋር ተንሸራትቶ ከታች ይጠራቀማል። የዘይቱ ሥራ ሽታውን መያዝ ስለሆነ ሰዓቱ ከቅጠሉ ጋር ነው።

ትሪው ከወጣ በኋላ ያሉት ሁለት ደቂቃዎች

ወደ «ኋላ» እንመለስ። መጀመሪያ የመሰለኝ ለውዙ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ቅጠሉን ነስንሱበት የሚል ነበር። ይህም ሌላ ስህተት ነው። ቀዝቃዛ ለውዝ ላይ የተነሰነሰ ትኩስ ቅጠል አይጣበቅም፤ ሳህን ሥር ይቀራል። የተጣበቀውም እርጥበቱን ለለውዙ ይሰጠዋል። ማምሻውን ቀጭ ይል የነበረው ጠዋት ይለሰልሳል፣ ሳምንት በብልቃጥ ከቆየ ደግሞ ሊሻግት ይችላል። ቀድሞ ከገባ ይከስላል፣ ዘግይቶ ከገባ ያረጥባል። ትክክለኛው ጊዜ በነዚህ መሀል ያለች ጠባብ ቀዳዳ ናት፤ ትሪው ከኦቭን ወጥቶ ለውዙ ገና እጅ ሲያቃጥል።

በዚያች ሰዓት የለውዙ ላይ ሙቀት ከፈላ ውሃ በላይ ነው፣ ግን በየሰከንዱ እየወረደ ነው። ቅጠሉ ሲነካው ጭስስ ይላል፤ ውሃው ይበናል፣ ቅጠሉ ይሰባበራል፣ ለመክሰል የሚበቃ ጊዜ ግን አያገኝም። ይህን የሚሰማ ጆሮ ሌላ መለኪያ አያስፈልገውም። ጭስስ ካላለ ዘግይታችኋል፤ ጭስ ካወጣ ቸኩላችኋል።

ሽታው ግን አሁንም ሊያመልጥ ይችላል። የሚያስቀረው ቅባት ነው፤ የቅጠሉ ዘይት ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ቅባት ውስጥ ግን ይሟሟል። ስለዚህ ለውዙ ሊወጣ 3 ደቂቃ ሲቀረው ትንሽ ድስት በቀስታ እሳት ላይ ጣዱና አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ያልተነጠረ ቅቤ ጣሉበት። ቅቤው ይቀልጣል፣ ቀጥሎ ነጭ አረፋ ያወጣል። አረፋው ውስጡ ያለው ውሃ እየወጣ መሆኑን ያሳያል፤ አረፋው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ቅጠሉን የምትጨምሩት አሁን ነው፣ አረፋው መሀል። ቅጠሉ ይንጫጫል፣ አረንጓዴነቱ ይደምቃል፤ ግማሽ ደቂቃ፣ ቢበዛ አንድ ደቂቃ። አረፋው ሰክኖ ቅቤው ዝም ሲል ውሃው አልቋል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ተንደርድሮ ይወጣል፣ ቅጠሉም በዓይናችሁ ፊት ይጠቁራል። ከዝምታው በፊት አንሱትና ቀጥታ ትኩሱ ለውዝ ላይ ገልብጡት። ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ በሁለት ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ አገላብጡ።

ቅቤ ለዛሬ ማታ ነው። ለሁለት ሳምንት የሚቀመጥ ከሆነ በአንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ተኩት። ዘይት ግን አረፋ የለውም፣ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ገና ለብ ሲል ቅጠሉን አስገቡ፣ ዙሪያውን ትናንሽ ፊኛዎች ሲታዩ ቆጥራችሁ ከ30 ሰከንድ በኋላ አውጡ።

ለ500 ግራም ለውዝ መጠኑ እንዲህ ነው፤ በደቃቁ የተከተፈ ትኩስ የጥብስ ቅጠል 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ደቃቅ ጨው 1 የሻይ ማንኪያና ሩብ (7 ተኩል ግራም ገደማ፣ ማለትም የለውዙን ክብደት 1.5 በመቶ)፣ ቡናማ ስኳር 2 የሻይ ማንኪያ፣ የሚያቃጥል የቃሪያ ዱቄት ሩብ የሻይ ማንኪያ። ስኳሩ ጣፋጭ ለማድረግ አይደለም፤ የቅጠሉን ምሬት ለመግራት ነው። ቅጠሉ ደረቅ ከሆነ ሲሶው ይበቃል፣ ያውም በጣት ታሽቶ። እንጨቱን አውጡ፣ ቅጠሉን ብቻ ክተፉ፤ እንደ መርፌ ሳይቆራረጥ የገባ የጥብስ ቅጠል ድድ ይወጋል።

ጨው ከለውዙ ላይ የሚራገፈው ከቅንጣቱ መጠን የተነሳ ነው። ሻካራ ጨው ያምራል፣ ግን ደረቅ ለውዝ ላይ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሳህን ሥር ይተኛል። ጨውንና ስኳሩን በሙቀጫ እስኪልም ደቁሱ፤ ከቅባቱ ቀጥሎ፣ ለውዙ ሲያብለጨልጭ ነስንሱት። ቅባቱ ከተመጠጠ በኋላ የሚነሰነስ ጨው እንደገና አይጣበቅም። ሁሉም ከተለወሰ በኋላ ትሪው ላይ መልሳችሁ ዘርጉት፤ ኦቭኑን አጥፉ፣ በሩን ገርበብ አድርጉና 3 ደቂቃ ውስጥ ተዉት። የቀረችውን እርጥበት ያወጣታል።

ቅጠል ሁሉ አንድ አይደለም። የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝና ሴጅ ጠንካሮች ናቸው፤ ይህን መንገድ ይችሉታል። ጦስኝ ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ በግማሹ ጊዜ ይበቃዋል። ሴጅን አለመክተፍ ይሻላል፤ ቅጠሉን ሙሉውን ቅቤው ውስጥ 40 ሰከንድ ያህል ጠብሳችሁ አውጡት፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ወረቀት ይደርቃል፣ ያኔ በእጅ ፈርፍሩበት። እንደ ፓርስሊ፣ ድንብላልና ናና ያሉ ለስላሳ ቅጠሎች ግን ለዚህ ሥራ አልተፈጠሩም፤ ይጠቁራሉ፣ እንደ ድርቆሽ ይሸታሉ። የግድ ካላችሁ ሳህኑ ሊቀርብ ሲል ነስንሱና በዚያው ምሽት ጨርሱት።

ማር፣ ነጭ ሽንኩርትና እንቁላል

ማር የሚያምረው ሐሳብ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ፍሩክቶስ የሚባለው ስኳር በ110 ዲግሪ አካባቢ መጥቆር ስለሚጀምር፣ ከመጀመሪያው ከለውዙ ጋር ከገባ ያርራል። መቁላቱ ሊያልቅ 4 ደቂቃ ሲቀረው፣ ሙቀቱን ወደ 150 ዝቅ አድርጋችሁ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ። ያም ሆኖ ማር እርጥበት ከአየር ይስባል፤ በሁለተኛው ቀን ለውዙ ተያይዞ ጓል ይሆናል። ለሚቀመጥ ለውዝ ስኳር ይሻላል።

ነጭ ሽንኩርት ተከትፎ ከገባ ከቅጠሉም ቀድሞ ይመራል። በስስ ስሱ ቆርጣችሁ ዘይቱ ውስጥ ወርቃማ እስኪሆን ጠብሱ፣ ቁራጮቹን አውጡ፣ ዘይቱን ተጠቀሙበት። የተረፈ የነጭ ሽንኩርት ዘይት ውጭ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ ለሚያመጣው ባክቴሪያ አየር የሌለበት ቦታ ይመቸዋል። የተሠራውን በዚያው ቀን መጨረስ ነው።

ቅመሙ እንደ ቅርፊት እንዲያቅፈው የሚፈልግ ደግሞ የእንቁላል ነጭ ይጠቀም። የአንድ እንቁላል ነጭ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር አረፋ እስኪያወጣ ይመታል፤ 500 ግራም ጥሬ ለውዝ ይለወስበታል፤ ጨው፣ ስኳርና ደረቅ ቅጠል ይጨመራል። 150 ዲግሪ፣ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፣ በየ10 ደቂቃው እየተማሰለ። ቅጠሉ ከለውዙ ጋር ከመጀመሪያው ገብቶ የሚተርፈው እዚህ ብቻ ነው፤ የእንቁላሉ ልብስ ስለሚሸፍነውና ሙቀቱም ዝቅ ያለ ስለሆነ። ሽታው ግን ከቅቤው ያንሳል፤ እኔ ይህን ቃሪያ ለበዛበት ቅመም ነው የማስቀምጠው።

ማስቀመጥና ማቅረብ

ለውዙ ተዘርግቶ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ። «ለብ ያለ ነው» ብላችሁ ብልቃጥ ከከደናችሁ ክዳኑ ውስጥ ጤዛ ታያላችሁ፤ ያ ጤዛ ተመልሶ ለውዙ ላይ ነው የሚወርደው። በደንብ በተከደነ የመስታወት ብልቃጥ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ፣ በዘይት የተሠራው ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። የተቆላ ለውዝ ከጥሬው ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ብዙ ከገዛችሁ ጥሬውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡና በየጊዜው የሚበቃውን ብቻ ቁሉ።

ለእንግዳ በሰው 30 ወይም 40 ግራም በቂ ነው፤ ግማሽ ኪሎ 12 ሰው ያህል ያስተናግዳል። በትልቅ ሳህን ከማቅረብ በትንሽ ሳህን እየሞሉ ማቅረብ ይሻላል፤ ቀድሞ የተሠራ ከሆነ እንግዳ ሊገባ ሲል በ150 ዲግሪ 4 ደቂቃ አሙቁት። ሳህኑ ከመዞሩ በፊት ለውዝ የማይስማማው ሰው እንዳለ ጠይቁ፤ የለውዝ አለርጂ ነፍስ ላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ፣ ኦቾሎኒ የተቆላበት ማንኪያ ካሽው ውስጥ መግባቱም ይበቃል። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሙሉ ፍሬ አይሰጥም፣ ያንቃል።

ሳህኑ ሲያልቅ ሥሩ ላይ የሚቀረውን ብናኝ አትድፉት። ጨው፣ የተሰባበረ የጥብስ ቅጠልና የለውዝ ፍርፋሪ ነው። የተቀቀለ ድንች ላይ፣ ድንቹ ገና ሲተን፣ ነስንሱት።